ንቧም ትኑር፣ ማሩም ይጥራ

ማር በቀፎ ውስጥ ሳለ ንጹሕ ነው። ጭስ ጭስ አይልም። ዐመድ የለበትም። ውኃ አይበዛበትም። ገበያ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ጠቁሯል። የሞተ ንብ ተንሳፎበታል። እጭ ተጨፍልቆበታል። ገዢው ጣቱን ነክሮ ይቀምስና ፊቱን ያጨማድዳል። ዋጋውንም ይሰብራል።

ታዲያ ማሩን ማን አበላሸው? ንቧ አይደለችም። ያበላሸው የቆራጩ እጅና ዕቃው ነው።

አገራችን ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት። ይሁን እንጂ ከምናመርተው ማር ብዙው ሳይጣራ፣ ከነሰፈፉ፣ ለጠጅ ይሸጣል። ለጠጅ መሸጡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ያልተጣራ ማር የተጣራውን ያህል ዋጋ አያወጣም።

ሌላም ጉዳት አለ። በአንዳንድ ቦታ ማር ሲቆረጥ ቀፎው በችቦ ይለበለባል። ንቡ ይቃጠላል። ከእሳት የተረፈውም ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። ያን ቀን ማር ተበላ። ለከርሞስ? ለከርሞ ቀፎው ባዶ ነው። ይህ ላሟን አርዶ ወተት እንደ መፈለግ ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ማር መቁረጫና ማጣሪያ ዕቃዎች እንነጋገራለን። ዕቃዎቹ ሁሉ ከሱቅ የሚገዙ አይደሉም። አንዳንዶቹን በቤታችን እንሠራቸዋለን። አንዳንዶቹን ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥተን እንገዛቸዋለን። ማንኛውም ዕቃ ግን በሁለት ጥያቄዎች ይመዘናል። አንደኛ፣ ንቧን ያድናል ወይ? ሁለተኛ፣ ጭስን፣ ቆሻሻንና ውኃን ከማሩ ያርቃል ወይ?

ከዕቃው በፊት ጊዜው

ጥሩ ዕቃ ይዘን ያለ ጊዜው ብንቆርጥ ዋጋ የለውም። በብዙ የአገራችን ክፍል ዋናው ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ይኸውም አደይ አበባና ሌላው የመስከረም አበባ ካበበ በኋላ ነው። በልግ የሚዘንብበት አገር ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ሁለተኛ ማር ይቆረጣል። ጊዜው እንደ አገሩ አበባ ይለያያል።

ንቧ ከአበባ የምትቀዳው ጣፋጭ ፈሳሽ ገና ማር አይደለም። ውኃ ይበዛበታል። ንቦች በቀፎው ውስጥ በክንፋቸው እያራገቡ ውኃውን ያተኑታል። ፈሳሹ ሲወፍር ማር ይሆናል። በዚያን ጊዜ የእያንዳንዱን ቀዳዳ አፍ በስስ ሰም ይከድኑታል። ክዳኑ የንቧ ማኅተም ነው። «ማሩ ደርሷል» ማለት ነው።

በማር ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ 20 እጅ ሲበልጥ ማሩ ሊቦካ ይችላል። ጋን ውስጥ ይገነፍላል፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የማሩን እንጀራ አራት ቦታ ከፍለን እናስብ። ሦስቱ እጅ ከተከደነ ይቆረጣል። ካልተከደነ እንተወው። ጥቂት ቀን መታገሥ ማሩን ከመበላሸት ያድነዋል።

የሚለበስ ልብስ

የአገራችን ንብ ቁጡ ናት። ንብ የሚፈራ ሰው ደግሞ ይቸኩላል። የቸኮለ ሰው እንጀራውን ይሰብራል፤ ንቡን ይጨፈልቃል፤ ችቦ ያነሣል። ስለዚህ ልብስ የሚለበሰው ለሰውየው ብቻ አይደለም፤ ለንቧም ነው። ሰውነቱ የተሸፈነ ቆራጭ ተረጋግቶ ይሠራል።

የሚያስፈልጉት ልብሶች እነዚህ ናቸው።

1. ዐይነ ርግብ። ፊትንና አንገትን የሚሸፍን መረብ ነው። ሰፊ ክፈፍ ባለው የሰሌን ባርኔጣ ላይ ወንፊት መሰል ጨርቅ ሰፍተን ልንሠራው እንችላለን። ጨርቁ ፊትን እንዳይነካ ከፊት ራቅ ይበል። ጥቁር መረብ ለማየት ይመቻል።

2. ቱታ። ቀለሙ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ጥቁርና ጠጉር ያለው ልብስ ንብን ያስቆጣል። ቱታ የሌለው ሰው ወፍራም ሸሚዝና ሱሪ ደርቦ ይልበስ። የእጅጌውንና የሱሪውን ጫፍ በገመድ ይሰር።

3. ጓንትና ቦት ጫማ። ጓንት ከሌለ እጅን በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል ይቻላል።

ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ቆዳ ላይ ይቀራል። ሳንዘገይ በጥፍር ፍቀን እናውጣው። ንብ የነደፈችበት ቦታ ሌሎች ንቦችን የሚጠራ ሽታ አለው። ስለዚህ ቦታውን በጭስ ማጠን ጥሩ ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ የንብ መርዝ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ከተነደፈ በኋላ ትንፋሹ ካጠረ፣ ፊቱና ምላሱ ካበጠ፣ ካዞረውና ከወደቀ፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። እዚያው ሳለ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ለማር ቆረጣም ብቻችንን አንሂድ። ቢያንስ ሁለት እንሁን።

ማጨሻ

ከዕቃዎች ሁሉ ንቧን ከእሳት የሚያድናት ማጨሻ ነው። ማጨሻ እሳቱ ውስጡ ተዳፍኖ ጭሱ ብቻ የሚወጣበት ጣሳ ነው። በጀርባው ትንሽ ወናፍ አለው። እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ጨመቅ፣ ለቀቅ ሲያደርጉት ጭሱ በአፉ በኩል ይወጣል። በወናፍ የሚሠራውን ማጨሻ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1870ዎቹ ያወጣው ሞሰስ ክዊንቢ የተባለ አሜሪካዊ ንብ አርቢ ነው። እስከ ዛሬም መልኩ ብዙ አልተለወጠም።

ጭስ ለምን ንብን ያበርዳል? ምክንያቱ ሁለት ነው። ንቧ ጭስ ሲሸታት እሳት የመጣ ይመስላታል። ለመሸሽ ስትዘጋጅ ሆዷን በማር ትሞላለች። የጠገበች ንብ ደግሞ ለመንደፍ አትቸኩልም። ሁለተኛ፣ ያ ንቦችን የሚጠራው የቁጣ ሽታ በጭሱ ይሸፈናል።

ማጨሻ መግዛት ያልቻለ ሰው ከአሮጌ የምግብ ጣሳ ይሥራ። የጣሳውን ቂጥ በምስማር ይብሳ። ከላይ ጭስ የሚወጣበት ሾጣጣ ክዳን ያድርግለት። ጣሳው ስለሚግል የእንጨት እጀታ ይግጠምለት።

ውስጡ ምን እንጨምር? ደረቅ ሣር፣ ደረቅ ቅጠል፣ የዛፍ ልጣጭ ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ። ኩበት ብዙ ያጨሳል፤ ነገር ግን ሽታው ማሩ ላይ ይቀራል። ፕላስቲክ፣ ጎማና ነጭ ጋዝ ከቶ አይገባበትም። እነዚህ ንቧንም ማሩንም ይጎዳሉ።

ጭሱ ነጭና ቀዝቃዛ ይሁን። በእጃችን ላይ ነፍተን እንሞክረው። እጅን ካቃጠለ ንብንም ያቃጥላል። በቀፎው በር በኩል ሁለት ሦስት ጊዜ እፍ ማለት ይበቃል። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀን እንክፈት። ጭስ በበዛ ቁጥር ማሩ ይሸታል።

ሥራው ሲያልቅ የማጨሻውን ፍም ውኃ አፍስሰን ወይም አፈር አልብሰን እናጥፋ። በበጋ አንዲት ፍም ጫካ ታቃጥላለች። ጫካው ከተቃጠለ አበባ የለም። አበባ ከሌለ ማር የለም።

መሮ፣ ቢላዋ፣ ብሩሽና ባልዲ

መሮ ጫፉ የተሳለ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ንቦች የቀፎውን ክፍሎች እርስ በርስ ያጣብቋቸዋል። በመሮው ፈልቅቀን እናላቅቃቸዋለን። የአገራችን ቀጥቃጭ በቀላሉ ይሠራዋል። ቢላዋ ለመቁረጥ ነው። ስለታም ይሁን፤ የዛገ አይሁን። ብሩሽ ንብን ከእንጀራው ላይ ለማራገፍ ነው። ለስላሳ ሣር አስሮ ወይም የዶሮ ላባ ይዞ መጥረግ ይቻላል። ባልዲው ደግሞ ክዳን ያለው ይሁን። ክፍት ባልዲ ንብንም አቧራንም ይጠራል።

አቆራረጡ እንደ ቀፎው ዓይነት ይለያያል።

ባህላዊ ቀፎ ከጭቃ፣ ከሐረግ፣ ከሸምበቆ ወይም ከግንድ የሚሠራው ረጅሙ ቀፎ ነው። ንቦች ብዙ ጊዜ እጭ የሚያሳድጉት ወደ በሩ ተጠግተው ነው። ማሩን የሚያከማቹት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ በኋላ በኩል እንክፈት። ጭስ በትንሹ እንስጥ። አንድ አንድ እንጀራ እየቆረጥን እናውጣ። እጭ ያለበት እንጀራ ላይ ስንደርስ እንቁም። ከዚያ ማለፍ የነገን ንብ መጨፍለቅ ነው። ለንቦቹም ስንቅ የሚሆን ማር እንተውላቸው። አበባ በሌለበት ወራት ምግባቸው ይኸው ነው።

የሽግግር ቀፎ የሚባለው ከላይ እንጨቶች የተረደሩበት ሣጥን ነው። ንቦች ከእያንዳንዱ እንጨት ሥር አንድ እንጀራ ይሠራሉ። ስንቆርጥ ከእንጨቱ ጋር የተያያዘውን አንድ ጣት ያህል ጠርዝ እንተው። ንቦች በዚያው መስመር መልሰው ይሠራሉ።

ዘመናዊ ቀፎ በውስጡ የእንጨት ፍሬሞች የተደረደሩበት ሣጥን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1851 ሎሬንዞ ላንግስትሮት የተባለ አሜሪካዊ ቄስ አንድ ነገር አስተዋለ። በቀፎው ውስጥ ንብ የምታልፍበት ጠባብ ክፍተት ሲኖር ንቦች አይደፍኑትም። በዚህ ልክ ፍሬም ሠራ። ፍሬሙ ሳይሰበር ይወጣል፤ ይገባልም። በእኛም አገር የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል በ1965 በፈረንጆች አቆጣጠር ከተቋቋመ ወዲህ ዘመናዊ ቀፎ ወደ ገበሬው መድረስ ጀምሯል።

በዚህ ቀፎ ከታችኛውና ከላይኛው ሣጥን መካከል የንግሥት ማገጃ ይገባል። ማገጃው ቀዳዳው ጠባብ ነው። ሠራተኛ ንቦች ያልፉበታል። ንግሥቲቱ ግን ሰውነቷ ተለቅ ስለሚል አታልፍም። ብዙዎቻችን «አውራ» የምንላት እርሷ ናት። አውራ እንበላት እንጂ ሴት ናት፤ እንቁላል የምትጥለውም እርሷ ናት። ንግሥቲቱ ታች ከቀረች በላይኛው ሣጥን እጭ አይኖርም። ማር ብቻ ይሆናል።

በየትኛውም ቀፎ ስንቆርጥ ሦስት ዕቃ እንያዝ። በአንዱ የተከደነ ንጹሕ እንጀራ። በሌላው ያልተከደነና የአበባ ዱቄት ያለበት። በሦስተኛው ባዶና አሮጌ ሰፈፍ። ይህን መለየት ገንዘብ አያስወጣም። ዋጋን ግን ይጨምራል።

ማሩን ከእንጀራው ማውጣት

ማጣራት ቤት ዘግቶ ነው። ክፍት ቦታ ከሆነ ንቦች ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ። ቤቱ ንጹሕና ሞቅ ያለ ይሁን። የሞቀ ማር ቶሎ ይወርዳል። እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ዕቃውም ታጥቦ ፈጽሞ ይድረቅ። ማር ውኃን ከአየር እንኳ ይስባል። በእርጥብ ዕቃ ላይ ሲፈስማ የባሰ ነው።

ማሩን ለማውጣት ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ማንጠብጠብ ነው። እንጀራውን በቢላዋ ከትፈን በንጹሕ ወንፊት ወይም በስስ ጨርቅ ላይ እናደርጋለን። ከሥሩ ባልዲ እናስቀምጣለን። ማሩ በራሱ ይንጠባጠባል። ጊዜ ይወስዳል፤ ወጪው ግን ትንሽ ነው።

ሁለተኛው መጭመቅ ነው። የማር መጭመቂያ ቀዳዳ ያለው ዕቃና ከላይ በጠመዝማዛ ብረት የሚጫን ክዳን አለው። እንጀራው በጨርቅ ተደርጎ ይገባል። ቀስ እየተባለ ይጫናል። ከባህላዊና ከሽግግር ቀፎ ለሚወጣ ማር ይህ ይስማማል። በእጅ ከመጭመቅ ይነጻል፤ ብዙ ማርም ያወጣል።

ሦስተኛው በእጅ የሚዞር የማር ማጣሪያ ነው። ይህ ለፍሬም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 ያወጣው ፍራንዝ ፎን ህሩሽካ የተባለ የኦስትሪያ ጦር መኮንን ነው። አሠራሩን ለመረዳት ወንጭፍን እናስታውስ። ወንጭፍ ሲዞር ድንጋዩ ወደ ውጭ ለመውጣት ይታገላል። ማሩም እንዲሁ ነው። ፍሬሙ በበርሜሉ ውስጥ ሲሽከረከር ማሩ ከቀዳዳው ወጥቶ በግድግዳው ይወርዳል። ከታች ባለው ቧንቧ ይቀዳል።

ከማዞራችን በፊት የሰሙን ክዳን በቢላዋ ወይም በሹካ ገፈን እናነሣለን። መጀመሪያ ቀስ ብለን እናዙር። ከዚያ ፍሬሙን ገልብጠን ሌላውን ጎን እናዙር። በመጨረሻ ፈጠን እናድርግ። ከጅምሩ ከፈጠንን እንጀራው ይሰበራል።

የዚህ ዕቃ ጥቅም ምንድን ነው? እንጀራው ሳይሰበር ባዶውን ይቀራል። ወደ ቀፎው እንመልሰዋለን። የንብ አዋቂዎች እንደሚሉት ንቦች 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ይበላሉ። እንጀራውን ከመለስንላቸው ያን ማር ለእኛ ያስቀምጡታል። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ይገኛል። በደንብ ከተያዘ ዘመናዊ ቀፎ ግን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይገኛል። አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ነገር ግን ልብ እንበል። ቀፎው ብቻውን ይህን አያመጣም። ዘመናዊ ቀፎ ተቀብለው ማጣሪያውንና የታተመ ሰሙን ያላገኙ ብዙ ገበሬዎች አሉ። ቀፎው ጓሮ ተጥሎ የዶሮ ማደሪያ ሲሆን ይታያል። ስለዚህ ቀፎ ስንቀበል «ማጣሪያውስ የት አለ?» ብለን እንጠይቅ።

ማሩ የሚቀመጥበት ዕቃ

የወጣውን ማር በወንፊት አጥልለን ክዳን ባለው ዕቃ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን እናስቀምጠው። ሰሙና አረፋው ወደ ላይ ይወጣል። ያንን በማንኪያ ገፈን እናንሣ። ከዚያ ንጹሑን ማር እንቅዳ።

ለማር የሚሆነው የማይዝግ ብረት፣ ብርጭቆ ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ማር ውስጡ አሲድ አለው። ቆርቆሮንና መዳብን ይበላል። ስልቻና ገንቦ የአባቶቻችን ዕቃዎች ናቸው። ነገር ግን ሽታቸው ማሩ ላይ ያርፋል።

የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የማዳበሪያ ወይም የነዳጅ ዕቃ ግን ቢታጠብም ለማር አይሆንም። መርዙ በመታጠብ አይለቅም። ሰው ይገድላል።

ማር ሲቆይ ይረጋል። አንዳንድ ገዢ የረጋ ማር ሲያይ «ስኳር ጨምረውበታል» ይላል። ይህ ልክ አይደለም። ንጹሕ ማርም ይረጋል። ማቅለጥ ስንፈልግ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እናስቀምጠው። እሳት ላይ በቀጥታ አንጣደው። ያረረ ማር ጣዕሙም መዓዛውም ይጠፋል።

ለማንም ስንሰጥ አንድ ነገር እናስታውስ። 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቅመስ። ሊያሳምመው ይችላል።

ሰፈፉን አንጣል

ማሩ ከወጣ በኋላ ሰፈፉን የሚጥሉ አሉ። ሰፈፍ ገንዘብ ነው። ከውስጡ ሰም ይወጣል። ሰም ለጧፍ፣ ለሻማና ለሌላም ይሆናል። ወደ ውጭ አገርም ይሸጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰፈፉን በውኃ አጥበን በጆንያ ቋጥረን ውኃ በተሞላ ድስት ውስጥ እናሞቀዋለን። ሰም በ62 እና በ65 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። በእንጨት እየተጫነ ሰሙ ከጆንያው ይወጣና ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ድስቱ ሲበርድ ሰሙ ከላይ ይረጋል። በመሮ እናነሣዋለን። ያለ ውኃ በቀጥታ እሳት ላይ አንጣደው። ሰም እንደ ዘይት ይቀጣጠላል፤ ቤትም ያቃጥላል።

ንጹሑ ሰም በማተሚያ ሲታተም የቀፎ ሰም ይሆናል። ንቦች በእርሱ ላይ ቶሎ ይሠራሉ። በማተሚያ የሚወጣ ሰም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1857 የጀመረው ዮሐንስ መሪንግ የተባለ ጀርመናዊ ነው።

የቱን እንሥራ፣ የቱን እንግዛ?

በቤት የምንሠራቸው፦ ዐይነ ርግብ፣ የጣሳ ማጨሻ፣ የሣር ብሩሽ። ከቀጥቃጭ የምናሠራቸው፦ መሮና ቢላዋ። በግል የምንገዛቸው፦ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ወንፊትና ጓንት። በጋራ የምንገዛቸው፦ መጭመቂያ፣ በእጅ የሚዞር ማጣሪያና የሰም ማተሚያ።

የጋራው ዕቃ ውድ ነው። በዓመት የሚሠራው ግን ጥቂት ቀን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢገዛው ዓመቱን ሙሉ ይቆማል። 10 ሰው ቢገዛው ግን ለሁሉም ይበቃል። በጽሑፍ እንዋዋል። ማን ያስቀምጠዋል? ተራው እንዴት ነው? ሳይታጠብ የመለሰ ሰው ምን ይከፍላል? ማንበብና መጻፍ የቻልን ሰዎች ይህን ውል በወረቀት ማስፈር የእኛ ድርሻ ነው።

ሴቶችም ከዚህ ሥራ አይራቁ። ድሮ ቀፎ በረጅም ዛፍ ላይ ስለሚሰቀል ማር መቁረጥ የወንድ ሥራ ነበር። የሽግግርና ዘመናዊ ቀፎ ግን በጓሮ፣ በቆጥ ላይ ይቀመጣል። ዛፍ መውጣት አያሻም።

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይባላል። ማር ስንቆርጥም ማር እንሥራ። ማጨሻው ይቅደም፤ ችቦው ይቅር። ንቧ ከኖረች ለከርሞም ትሠራልናለች።

እንወያይበት

1. በመንደራችን ማር ሲቆረጥ ንቡ ምን ይሆናል?
2. ማር የደረሰ መሆኑን በምን እናውቃለን?
3. ኩበት ለማጨሻ ለምን አይመረጥም?
4. በመንደራችን የማር ማጣሪያ በጋራ ለመግዛት ስንት ሰው ይስማማል? ስማቸውን በወረቀት ላይ ጻፉ።